ለነገ ስለሚቀመጥ ሥጋ

በፈረንሳይ ደቡባዊ ምዕራብ፣ ይልቁንም ጋስኮኝ በሚባለው አገር፣ ገበሬው የብርድ ወራት ሲገባ የሰቡትን ዝይና ዳክዬ አርዶ ሥጋቸውን ለመጪዎቹ ወራት የሚያኖርበት ኮንፊ የተባለው ጥንታዊ ጥበብ፣ ላይ ላዩን ሲያዩት የማድ ቤት ሥራ ብቻ ቢመስልም፣ ለነገ ማስቀመጥ ጥበብ ነውን ወይስ የእምነት ጉድለት የሚለውን የቆየ ጥያቄ ያስነሣል።

የዳክዬው እግር ከነቆዳው ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ ተነስንሶበት ያድራል፤ በማግሥቱም ጨው ተራግፎለት፣ ከዚያው ከዳክዬው በቀለጠው ስብ ውስጥ ተዘፍቆ፣ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ በሚሆን ሙቀት፣ ስቡ ሳይንተከተክ አልፎ አልፎ አንዳንድ አረፋ ብቻ እየሰደደ፣ ሥጋው ከአጥንቱ ሊለቅ እስኪቃረብ ለሰዓታት ይቆያል። ከዚያ በሸክላ ማሰሮ ተደርድሮ ስቡ ተጣርቶ ይፈስበታል፤ ሲረጋም እንደ ነጭ ሰም ይከድነዋል። ጨው እርጥበቱን ስቦ፣ እሳት ተሕዋስያንን ገድሎ፣ ስቡም አየር ከልክሎ፣ ሥጋው በቀዝቃዛ ምድር ቤት ለወራት ይሰነብታል።

በኦሪት ዘጸአት እስራኤል ለነገ ያሳደሩት መና ተልቶ እንደ ሸተተ የሚያስታውስ ሰው፣ ይህስ በእግዚአብሔር መግቦት ፈንታ በስብ መታመን ነው ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ለሰንበት ያሳደሩት ያው መና ሳይበላሽ መቆየቱን፣ ለልጅ ልጅ መታሰቢያ የሚሆነውም እንዲቀመጥ መታዘዙን፣ ዮሴፍም በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ማከማቸቱን አብሮ ማስታወስ ይገባዋል። በወንጌል የተነቀፈው ባለጸጋም ጎተራ ሊሠራ ስላሰበ ሳይሆን፣ በጎተራው ተመክቶ ነፍሱን ለብዙ ዘመን ዕረፊ ስላላት ነው።

ኮንፊ ለእንዲህ ያለው ትምክሕት አይመችም። ስቡ ከተሰነጠቀ አየር ገብቶ ሥጋው ይበላሻል፤ ጨውና ቅዝቃዜ ሲጎድል ደግሞ፣ አየር በሌለበት የሚራባው፣ ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያመጣ ብርቱ መርዝ የሚያመነጨው ተሕዋስ በዚያው በተከደነው ስፍራ ሊያድግ ይችላል። ባለ ማሰሮው ሙስናን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ይህንንም ከማንም በላይ እርሱ ያውቀዋል።

እኔን የሚከብደኝ ሌላ ነው። ለጉበቱ ሲባል የሚሰባው ዳክዬ ከመታረዱ በፊት ባሉት የመጨረሻ ቀናት በቆሎ በጉሮሮው በቱቦ እየተገፋ ይሰጠዋል፤ የኮንፊው እግርም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ዳክዬ የሚገኝ ነው። በጋስኮኙ ገበሬ ላይ የሚፈርድ ካለ፣ በዚህ ይፍረድበት እንጂ ሥጋውን ለነገ በማኖሩ አይፍረድበት።