ስለ ጠገራ ብር ጉድፍ

በደብረ ማርቆስ አካባቢ ባለ አንድ ቤት፣ በሙዳይ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የኖረ ጠገራ ብር ወጣ እንበል። ፊቱ ጠቁሯል፤ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይም አረንጓዴ ነቁጥ ይታያል። የልጅ ልጅ አመድና ሎሚ ይዞ ሊፈትገው ይነሣል። አያቱ ግን «ተው ልጄ፤ እኔም ከእናቴ እንዲሁ ሆኖ ነው የተቀበልኩት» ይላሉ። ከሁለቱ ትክክለኛው ማን ነው? ጥያቄው የጽዳት ይምሰል እንጂ የእውነት ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ ጉድፍን ከጉድፍ መለየት ያሻል። ጠገራ ብር ከመቶው 83 እጅ ያህሉ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ጥቁረቱ ከውጭ የተለጠፈ ቆሻሻ አይደለም፤ በጢስና በአየር ውስጥ ያለው ድኝ ከብሩ ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ነው። ስለሆነም ጥቁረቱን የሚፍቅ ብሩንም ይፍቃል፤ የቀድሞ ነጋዴ ከመቀበሉ በፊት አተኩሮ ይመለከታቸው የነበሩትን የንግሥቲቱን ሉሎችም ያደበዝዛል። አረንጓዴው ግን ሌላ ነው። እርጥበትና ጨው መዳቡን ሲያገኙት ይፈጠራል። ጠንክሮ ከረጋ አያሰጋም፤ እንደ ዱቄት እየረገፈ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ ግን ማዕድኑን እየበላ ነው። ይህ ዓይነቱ ደዌ በተለይ እንደ አክሱም ነገሥታት የነሐስ መሐለቆች ባሉት ላይ ይጸናል። የታመመው ከሌሎቹ ተለይቶ በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ፤ ለባለሙያም ይታይ። ተራ ጭቃና አቧራ በንጹሕ ውሃ ለቆ፣ ሳይታሽ ቢደርቅ ይበቃዋል።

እንግዲህ ጉድፍ ሁሉ ይጠበቅ ማለት ስንፍና፣ ሁሉም ይፋቅ ማለት ግፍ ነው። መለኪያው ጉድፉ የተሸከመውን አካል ያጠፋል ወይስ ያለፈበትን ይመሰክራል የሚለው ነው።

«ብሩ የባለቤቱ አይደለምን? አንጥረኛስ እያቀለጠ መስቀልና አልቦ ይሠራበት አልነበረምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን አንጥረኛው ሌላ ነገር መሥራቱን በግልጽ ያሳያል፤ ማንንም አያታልልም። ፈትጎ ያበራው ሻጭ ግን ዘመን ያልነካው አስመስሎ ያቀርባል። አዲሱን አጥቁሮ አሮጌ የሚያስመስለውም የዚሁ ወንድም ነው። ማርያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላ በቪየና፣ በሮማ፣ በለንደንና በቦምባይ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ 1780 የሚል ዓመት ይዟል። ስለዚህ ዓመቱም ሆነ ጥቁረቱ ብቻውን የዕድሜ ምስክር አይሆንም፤ 28 ግራም የሚሆነው ክብደቱ፣ የጠርዙ ጽሕፈትና የሉሎቹ ጥራት አብረው ይመርመሩ።

ከ1937 ዓ.ም. የገንዘብ ለውጥ ወዲህ ጠገራ ብር ከመገበያያነት ወጥቶ የትውልድ ምስክር ሆኗል። ምስክርን አፉን ማስያዝ ደግሞ ነውር ነው። በጠርዙ ዙሪያ በላቲን የተቀረጸው የንግሥቲቱ ቃል «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ነው። በጎጃም ገበያዎች ብሩን ሲቀባበሉ ከኖሩት አባቶቻችን ብዙዎቹ ይህን ቃል አላነበቡትም፤ ለእኛ ግን መመሪያ ሊሆነን ይችላል። የሚበላውን ነቁጥ ለይቶ ማስቆም ፍትሕ ነው፤ የኖረውን ጥቁረት መተው ርኅራኄ ነው። እንግዲህ ልጁ ሎሚውን ያስቀምጥ፤ አያቱም አረንጓዴው ነቁጥ እንዲመረመር ይፍቀዱ።