ቅምሻ የማይደርስበት መርዝ



ከዓመታት በፊት አንድ ዘመዳችን ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በነበረ ጊዜ ስንቅ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። በር ላይ ፈታሹ የምሳ ዕቃውን ያስከፍትና «ቅመስ» ይለኛል። ከእንጀራው ቆርሼ ጎመኑን ጠቅልዬ እጎርሳለሁ። ምንም ሳልሆን ሲያየኝ ያሳልፈኛል። አሠራሩን አልነቅፍም። የታሰረ ሰው የሚበላውን አይመርጥም፤ ስንቁ በአምጪው እጅ ያለ አማና ነው።

አንድ ቀን ጎመኑን ከየት እንደምትገዛ ባለቤቴን ጠየቅኳት። «ከወንዙ ዳር ከሚያለሙት ነው፤ እዚያ ረከስ ይላል» አለችኝ። ያን ጊዜ የበሩ ቅምሻ ትዝ አለኝ። ለካ እኔ የምቀምሰው በቅጽበት የሚጥለውን መርዝ ብቻ ኖሯል!

ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከአዲስ አበባ በላይ ካሉት ተራሮች ተነስተው፣ ከተማዋን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ። በመንገዳቸው የፋብሪካውን፣ የጋራዡንና የየቤቱን ፍሳሽ ይሸከማሉ። ቆዳ ፋብሪካ ቆዳ የሚያለፋበት ክሮሚየም ከነዚህ አንዱ ነው። እርሳስና ካድሚየም እንደ ሌላው ቆሻሻ በስብሰው አይጠፉም። አፈር ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሥር ይስባቸዋል፤ ቅጠል ያከማቻቸዋል። ማጠብ አቧራውን እንጂ ውስጥ የገባውን አያስለቅቅም። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ካድሚየም ለዓመታት በኩላሊት ይጠራቀማል።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ቅጠሏ ራሷ ትመሰክራለች። ባለሙያዎች ያደርቋታል፣ ይፈጯታል፣ በአሲድ ያሟሟታል፤ ከዚያም በመሣሪያ ይለኳታል። ፋብሪካ በሌለበት በምድር ዋልታ አካባቢ እንኳ፣ እኛ የድንጋይ ሽበት የምንላቸው ዓይነት ዕፅዋት ከሩቅ አገር በነፋስ የመጣ ብረት ሲገኝባቸው የሰው ሥራ የት ድረስ እንደሚጓዝ ያሳያሉ። በኛም ከተማ ፍስሐ ኢታና በ2002 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በአዲስ አበባ ከሚለሙት አትክልቶች ጥቅል ጎመን ከሰላጣና ከቆስጣ ያነሰ ብረት እንደሚያከማች አሳይተዋል።

ውድ አንባቢ! እዚህ ላይ ጥያቄው ይመጣል፤ ተጠያቂው ማነው? ገበሬው ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያች መሬት ነው፤ ሌላ ውኃ የለውም። ፋብሪካው «የኔ ድርሻ ጥቂት ነው» ይላል። እኔ ገዢው «አላውቅም ነበር» እላለሁ። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሁሉም ጥቂት በአንድ ወንዝ ይገናኛል። ለቅጠላ ቅጠል የተቀመጠው ዓለም አቀፍ የእርሳስ ወሰን በኪሎ 0.3 ሚሊግራም ነው። ይህን የሚያህል ጥቂት ነገር ልጅ የሚጎዳ ከሆነ፣ «ጥቂት ነው» ማለት ምን ማመካኛ ይሆናል? የብናኝ ክብደት ያህል ሥራ እንኳ እንደሚቆጠር የምናምን ሰዎች አይደለንምን?

በኔ አስተያየት ሸክሙ በዕውቀትና በአቅም ልክ ይከፋፈላል። ፍሳሹን ማጣራት እየቻለ ወደ ወንዝ የለቀቀ ይቀድማል። ለክቶ ያወቀና ውጤቱን መሳቢያ ውስጥ የቆለፈ ምስክርነት ደባቂ ነው። ገበሬው ዘንድ የምንደርሰው ግን ንጹሕ ውኃ ከተሰጠው በኋላ ነው። እኔስ? ከጠየቅኩበት ቀን ጀምሮ «አላውቅም ነበር» የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቷል። ሐላል መሆኑን ብቻ ሳይሆን ጠይብ መሆኑንም መጠየቅ አለብኝ።

መናገር ፍሬ የለውም አትበሉ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ክሌር ፓተርሰን የተባለው ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ በግሪንላንድ በረዶ ውስጥ እርሳስ ለክተው ተናገሩ። ብዙ ተቃውሞ ገጠመው። ሆኖም አገሮች አንድ በአንድ እርሳስ ያለበትን የመኪና ቤንዚን ተዉ፤ የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 እ.ኤ.አ. አቆመች። በዋልታው በረዶ ላይ የሚወርደውም እርሳስ ቀነሰ።

እኛ ቤት ዛሬም ጎመን ይበላል። ከየት እንደመጣ ግን ይጠየቃል፤ አንዳንዴ ጥቂት ብር ይጨመራል። ዘመዳችን በአላህ ፈቃድ ተፈቷል። ከገበታችን ዙሪያ የሚቀመጡት ልጆቻችንም ግን እንደዚያ ታሳሪ የቀረበላቸውን የሚበሉ ናቸው፤ ለነሱ በሩ ላይ የቆመ ፈታሽ የለም። አላህ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።