በሰው ነፍስ የማለ

በየካቲት መጨረሻ 1933 ዓ.ም ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፍግ የነበረው የጣሊያን ጦር በኮሎኔል ናታሌ እየተመራ ደምበጫ አጠገብ ሲደርስ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ባታሊዮን ከፊቱ ወንዝ ዳር ሰፍሮ አገኘው። ባታሊዮኑ ከስደተኞች መካከል የተመለመለ፣ በእንግሊዛዊው ቦይል የሚታዘዝ አነስተኛ ጦር ነበር፤ የመጣበት ግን በሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት ነው። ከባድ ጉዳት ደረሰበት፤ ናታሌም ሰብሮ አለፈ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጸሐፊዎች ባታሊዮኑ ስለ ነበረበት፣ ከመጽሐፈ መሳፍንት ስም ስለ ተዋሰው የጌዴዎን ጦርና ስለ አዛዡ ስለ ዊንጌት ሲተርኩ የሚከራከሩት ባታሊዮኑ ለምን እዚያ ሰፈረ በሚለው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዚያ ወንዝ ግራና ቀኝ ማተብ ያሰረ ሰው ነበረ፤ ሁለቱም ወገን ምሏል፤ አንዱ ለንጉሡ፣ ሌላው ለሮም። ተገዶ የማለ ሰው በመሐላው ይያዛል ወይ? ከተያዘስ እስከ ምን ድረስ?

ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ በግድ የተማለ አይያዝም። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ይህን ያህል አያዝናናም። የገባዖን ሰዎች አሮጌ ጫማና የሻገተ እንጀራ ይዘው ኢያሱን አታለው አስማሉት፤ ማታለላቸው ከታወቀ በኋላም መሐላው ጸና። ሳኦል ሲያፈርሰው ዕዳው ለዳዊት ዘመን ተርፎ ሦስት ዓመት ረኃብ ሆነ። የሴዴቅያስ ደግሞ የኛን ጉዳይ ይበልጥ ይነካል፤ አገሩን የያዘው ባዕድ ንጉሥ ናቡከደነፆር በእግዚአብሔር ስም አማለው፤ ከዳና ነቢዩ ሕዝቅኤል ቃል ኪዳን አፍራሽ ብሎ ወቀሰው። ኤርምያስም ለባቢሎን ተገዙና በሕይወት ኑሩ ይል ነበር። ይህን አንብቦ ለጣሊያን እጅ ስጡ ያለ ካህን ከሆዱ ብቻ ነው የተናገረ ብሎ ማለፍ ለእውነት አይበጅም።

የጎጃም ጳጳስ የነበሩት አቡነ አብርሃም የሚፈተኑት እዚህ ላይ ነው። በ1921 ዓ.ም ካይሮ ላይ ከተሾሙት አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ እሳቸው፣ ሌላው አቡነ ጴጥሮስ ነበሩ። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ ገዝተው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ፤ አቡነ ሚካኤልም በጎሬ ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ግን ከጣሊያን ጋር ተስማምተው በ1930 ዓ.ም ሊቀ ጳጳስ ተባሉ፤ የእስክንድርያ ሲኖዶስ አወገዛቸው። ብዙውን ጊዜ ጥፋታቸው ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ መቁረጣቸው እንደ ሆነ ይነገራል። ይህ አይመስለኝም። አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም ፓትርያርክ ሲሆኑ የተፈጸመው የራሳችን አባት ይኑረን የሚለው ያው የቆየ ምኞት ነው። ምኞቱ ኃጢአት አልነበረም፤ ችግሩ በማን እጅና በምን ዋጋ ተገዛ የሚለው ነው።

እኔ የምይዘው ሚዛን ከሄሮድስ ግብዣ የተወሰደ ነው። ሄሮድስን ማንም አላስገደደውም፤ በገዛ አፉ፣ በእንግዶቹ ፊት ማለ፤ መሐላውን በመጠበቁም ነፍሰ ገዳይ ሆነ። የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ የሄሮድስ ንብረት አልነበረምና በመሐላ ሊሰጥ አይችልም ነበር። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ተገዶ ማለ ወይስ ወዶ ብቻ ሳይሆን፣ የማለበት ነገር የራሱ ነበረ ወይ የሚለው ነው። የቡሬ ወይም የደምበጫ ገበሬ ግብር እከፍላለሁ፣ ጠመንጃዬን አስረክባለሁ ቢል የገዛ እህሉንና የገዛ ብረቱን ሰጠ። ጎረቤቱ የተሸሸገበትን ገደል አሳያለሁ ያለ ግን የሰው ነፍስ ነው ያስያዘው፤ እንዲህ ያለው መሐላ ከመጀመሪያውም አልተማለም። ኢያሱ ለገባዖን የማለው ሊተወው የሚችለውን፣ የገዛ ሰይፉን ነው፤ ሴዴቅያስም የራሱን መገዛት ነው የማለው። በዚያ ላይ ቃል ኪዳን ሁለት እጅ አለው። ጎጃም በ1928 ዓ.ም ብዙም ሳይዋጋ ነበር ለጣሊያን የገባው፤ ገዢው ራስ ኃይሉ በ1924 ከተሻሩ ወዲህ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ቅሬታ ነበረው። በማግስቱ ዓመት ትጥቅ ማስፈታቱና መኳንንቱን መግደሉ ሲመጣ ነው አገሩ የተነሣው። ኤርምያስ ተገዝታችሁ ኑሩ ሲል የተገዛው ይኖር ነበር፤ እዚህ ግን የተገዛውም አልኖረም።

በእሳት መካከል ላለ ሰው እንዲህ ያለ ሚዛን ማቅረብ ከሞቀ ቤት ሆኖ መፍረድ ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ሚዛኑ ለድሃው የሚያቀልለት ይመስለኛል። ባንዳ የሚለው ቃል በጣሊያንኛ ተራ የታጣቂ ጭፍራ ማለት ነበር፤ እኛ የኃጢአት ስም አደረግነውና ግብር የከፈለውንም መንገድ የመራውንም በአንድ ጅራፍ ገረፍንበት። ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፦ አቡነ ጴጥሮስስ በግዝታቸው የሌላውን ነፍስ አላስያዙም ወይ? በግዝቱ ምክንያት ጎጆዋ የተቃጠለባት እናት አልማለችም፣ አልተጠየቀችም። በከፊል መመለስ ይቻላል፤ አቡኑ ከሁሉ በፊት የከፈሉት የገዛ ነፍሳቸውን ነው፤ ከእረኛ የሚጠበቀውም ይኸው ነው። የእናቲቱ ጥያቄ ግን በዚህ አይዘጋም፤ ሰማዕትነታቸውን የምናከብር ሰዎች ይህን ለመናገር መፍራት የለብንም።

ደምበጫ ላይ ለሮም የተኮሰው ወታደር በሚቀጥሉት ሳምንታት ከድቶ ወደ ንጉሡ የገባ እንደሆነ፣ እንደኔ መሐላ አላፈረሰም፤ የራሱ ያልሆነውን መለሰ እንጂ። እንደሱ የገባው ደግሞ ጥቂት አልነበረም። የጎጃምን ሰው መልሰው እንዲያሳምኑ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ያስገባቸው ራስ ኃይሉም መጨረሻ ላይ ለንጉሡ እጅ ሰጡ፤ ነፍሳቸውም ተረፈች። ምሕረቱ ደምን አቁሟልና አልነቅፈውም፤ ግን ማን የራሱን ሰጠ፣ ማን የሰውን አስያዘ ብሎ ሳይጠይቅ ነው ያለፈው። ባልተጠየቀበት አገር፣ በ1937 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ፣ ለጣሊያን አንድም ቀን ያልገባው በላይ ዘለቀና ከጣሊያን ጋር ተሰልፎ የነበረው የራስ ኃይሉ ልጅ፣ ልጅ ማሞ፣ አብረው ተሰቀሉ። የተፈረደባቸውም በአምስቱ ዓመት ስላደረጉት አልነበረም።