ስለማይቈጠር በላተኛ

በዋግ አገር በሰቆጣ ዙሪያ ያለ ባላገር እህሉን በጎተራ ከትቶ በጭቃ ሲመርግ የቤተ ሰቡን አፍ ይቈጥራል፤ ነቀዙን ግን አይቈጥርም። እንግዲህ ሳያውቅ ያጐደለ ሰው ይጠየቃልን?

ይህን የሚመስል ነገር በባሕር ማዶ ሆኗል። በአሪዞና በረሓ ባዮስፌር 2 በተባለ የመስታወት ቤት በመስከረም 1984 ዓ.ም. 8 ሰዎች ከአዝርዕት፣ ከፍየልና ከዶሮ ጋራ ለ2 ዓመት ተዘጉ። ዕፅዋቱ ለሰው ኦክሲጅን፣ ሰውም ለዕፅዋቱ የካርቦን አየር ይሰጣል ተብሎ የታሰበ ነበር። ነገር ግን 21 ከመቶ ያህል የነበረው ኦክሲጅን በ16 ወር ወደ 14 ወረደ፤ ሰዎቹም ደከሙ፣ እንቅልፍ አጡ። ምክንያቱ ሰብሉ እንዲያምር የገባው የሰባ አፈር ነበረ፤ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ብስባሹን እየበሉ ከሰው ጋራ ይተነፍሱ ኖረዋል። (በሰቆጣ እርሻ የተበተነ ፍግም እንዲሁ ይተነፍሳል፤ ነፋሱ ሰፊ ስለ ሆነ ብቻ አይታወቅም።)

አፈሩን ያሰባ ሰው በዚህ አይነቀፍም፤ ጉድለቱን ካወቀ በኋላ ማኅተሙን ላክብር ብሎ ሰው ቢያሳፍን ግን በደለኛ በሆነ ነበር። ስለዚህ በጥር 1985 ዓ.ም. ኦክሲጅን ከውጭ ሲገባ ውሉ ፈረሰ ብለው የነቀፉት ፍርዳቸው የቀና አይደለም፤ ውል ስለ ሰው ነውና።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ኦክሲጅኑ በጐደለ ልክ የካርቦኑ አየር አለመብዛቱ ነው። ኋላ ሊቃውንት የሲሚንቶውን ግንብ ቢመረምሩ ካርቦኑ ከኖራው ጋራ ተዋሕዶ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ፤ የጠፋውም ኦክሲጅን በዚያው ውስጥ ታስሮ ነበረ።