አንድ ጋላክሲ፣ አራት ርቀት

«ምን ያህል ይርቃል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ያለ ይመስላል። የብርሃኑ ሞገድ በመንገድ ላይ ሦስት እጥፍ ተለጥጦ የሚደርሰንን አንድ ጋላክሲ እንውሰድ። ብርሃኑ 10.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ተጉዟል። ሲነሣ ግን ጋላክሲው ከእኛ የሚርቀው 5.7 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ብቻ ነበር፤ በመካከላችን ያለው ሕዋ እየሰፋ በመሄዱ ዛሬ 17 ቢሊዮን ላይ ይገኛል። በድምቀቱ ከለካነው ደግሞ 52 ቢሊዮን የራቀ ያህል ደብዝዞ ይታያል። «የሦስት ቀን መንገድ» ስንል መንገዱ ባለበት እንደሚቆይ አምነን ነው፤ እዚህ ግን መንገደኛው እየተጓዘ መንገዱ ራሱ ይረዝማል።

ታዲያ ርቀት የሚባል እውነት የለም፣ ያለው የለኪው ምርጫ ነው ማለት ነው? አይደለም፤ ይህን አጥብቄ የምሟገተው እውነት ብዙ ፊት አለው ሲባል እውነት የለም ብለው የሚሰሙ ስለበዙ ነው። አራቱ ቁጥሮች የተለያዩ ጥያቄዎች መልሶች ናቸው፤ መልሱን ደግሞ እንደ ወደድን ማድረግ አንችልም። 5.7ን በሦስት ብናበዛ 17ን፣ 17ን በሦስት ብናበዛ 52ን እንጠጋለን፤ ይህ ሦስት ብርሃኑ የተለጠጠበት ያው እጥፍ ነው። ጥያቄውን የሳተ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከዋክብት ራሳቸው ያሳያሉ። ያ ጋላክሲ የሚታየን ከዋክብት ከምንጊዜውም በላይ በብዛት ይወለዱበት በነበረው ዘመን ነው፤ ዛሬ ውልደቱ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወርዷል። ይህን ያወቅነው የደበዘዘውን ብርሃን በ52ቱ ርቀት አስልተን ነው። በ5.7ቱ ብናሰላው የጋላክሲው ብርሃን 81 ጊዜ አንሶ ይወጣል፤ የጥጋቡን ዘመን የረሃብ ዘመን ብለን በጻፍን ነበር።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ቁጥሮቹ ሁሉ የሚወጡት ስለ ሕዋ መስፋት ከያዝነው አንድ ንድፍ ከሆነ፣ የምናየው ሰማዩን ሳይሆን የገዛ ግምታችንን አይደለምን? ግማሹ እውነት ነው፤ ንድፉ ቢሻሻል 10.5ም 17ም ይሻሻላሉ። በ5.7ና በ52 መካከል ያለው ዘጠኝ እጥፍ ግን፣ የሒሳብ ሊቁ አይቮር ኤተሪንግተን በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ዩኒቨርስ ምን ይዟል በሚለው ላይ አይንጠለጠልም። ሌላም ምስክር አለ። በየዘመኑ የተወለዱትን ከዋክብት ደምረን የሞቱትን ብንቀንስ፣ ዛሬ በአካባቢያችን ካሉት ጋላክሲዎች ከዋክብት ጋር መግጠም አለበት፤ በዚህ ቅርበት አራቱ ርቀቶች አንድ ናቸውና። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ፒዬሮ ማዳውና ማርክ ዲኪንሰን በ2014 እ.ኤ.አ. ሁለቱን ሒሳቦች ሲያስተያዩ ተቀራርበው አገኟቸው፤ የውልደቱ ድምር ግን በብዙ ዘመናት ከሚታየው የከዋክብት ክምችት ከፍ ማለቱ አልቀረም። ሁሉም የእኛ ምርጫ ቢሆን ኖሮ ያ ልዩነት ገና ድሮ በጠፋ ነበር።