በጨለመ ልብ መንገድ አይለወጥ



ከዓመታት በፊት በሥራ ምደባ ወደ ቁምስናችን የመጣ አንድ ወጣት መምህር ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ቀረበን። ዘመዶቹ በሩቅ ነበሩ፤ እርሱም በአንዲት የኪራይ ክፍል ብቻውን ይኖር ነበር። «ቀን ከተማሪዎቼ ጋር ደስ ይለኛል፤ ማታ በሬን ስዘጋ ግን ያለ ምክንያት ሆዴ ይብሳል፤ ጸሎትም እንጨት እንጨት ይለኛል» አለን። እኛም ቸኩለን፣ «ጸሎት ብታዘወትር ኖሮ ይህ ባልደረሰብህ» ብለን አሰናበትነው። ወጣቱ በዚያው ሳምንት ሥራውን ትቶ ሄደ። ኋላ ስንገናኝ፣ «ኀዘኑ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀኝ፤ ውሳኔው ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል» ሲለን ጥፋታችንን ተረዳን።

ሆድ መባስ ኃጢአት አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ (1ኛ ነገ. 19) እግዚአብሔር አልገሠጸውም። አስቀድሞ እንቅልፍ ሰጠው፤ በመልአኩም እጅ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። ነቢዩ በልቶ ዳግመኛ ተኛ፤ መልአኩም ዳግመኛ ቀሰቀሰው። መንገዱን የሚያመለክተው ቃል የመጣለት ከዚህ ሁሉ በኋላ በኮሬብ ተራራ ነው። እኛ ግን በዚያ እሑድ ለወጣቱ ምሳ እንኳ ሳንጋብዘው ተግሣጽ አቀረብንለት።

የልብን መለዋወጥ አስተውሎ ለቤተ ክርስቲያን መልካም ትምህርት ያቆየልን ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1521 በፓምፕሎና ጦርነት የመድፍ ጥይት እግሩን ሰብሮት በሠላሳ ዓመቱ ገደማ አልጋ ላይ ዋለ። ጊዜ ማሳለፊያ የጀግኖች ተረት እንዲያመጡለት ቢጠይቅ በቤቱ ስላልተገኘ የክርስቶስን ሕይወትና የቅዱሳንን ገድል ሰጡት። ስለ ዓለማዊ ክብርና ስለ አንዲት እመቤት ሲያስብ ለጊዜው ይደሰት ነበር፤ ሐሳቡ ሲያልፍ ግን ልቡ ደርቆ ይቀራል። ቅዱሳንን ስለ መምሰል ሲያስብ ደግሞ ደስታው ሐሳቡ ካለፈ በኋላም አብሮት ይቆያል። ከዚህ ትንሽ ማስተዋል የተጀመረው ጉዞ፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1548 ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 3ኛ ያጸደቁትን የመንፈሳዊ ልምምዶች መጽሐፍ አስገኘ። በዚያ ከሰፈሩት ሥርዓቶች አንዱ፣ ነፍስ በጨለመችበት ሰዓት በብርሃን ሳለች የወሰነችውን እንዳትለውጥ ያስተምራል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2022 በጀመሩትና በ2023 መጀመሪያ በፈጸሙት ስለ ማስተዋል የሚናገር የረቡዕ ትምህርታቸው፣ ኀዘን ከሚሸሹት ይልቅ ቢያነቡት ለነፍስ እንደሚጠቅም አስታውሰዋል።

የዛሬ ወጣት በሩን ዘግቶ ብቻውን ሲቀር መጀመሪያ የሚያነሣው ስልኩን ነው። የጓደኛውን ሠርግ፣ የሌላውን የውጭ አገር ኑሮ፣ የማያውቃቸውን ሰዎች ጠብ ሲመለከት ሌሊቱ ይጋመሳል። ለማወቅ መጓጓት በራሱ ክፉ አይደለም፤ ፈጣሪ የሰጠን ጸጋ ነው። በመስኮቱ የምትዘምረውን ወፍ ስሟን የሚጠይቅ፣ ጎረቤት ያሉትን አዛውንት የቁምስናው ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ድንጋዩን ማን እንደ ተሸከመ የሚጠይቅም በጉጉት ነው። የሁለቱ ልዩነት በቅዱስ ኢግናጥዮስ መንገድ ይታወቃል፤ ጉጉቱ ካለፈ በኋላ በልብ ምን ቀረ? ምስጋና ወይስ ምቀኝነትና ድካም?

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ስልኩን አኑሩና ለጥቂት ደቂቃ በጌታ ፊት ተቀመጡ። ዛሬ ልቤ መቼ ሰፋ? መቼስ ጠበበ? ከዚያ በፊት ምን አይቼ፣ ምን ሰምቼ ነበር? ብላችሁ ጠይቁ። ብቸኝነት ወደ ጽሞና የሚለወጠው በዚህ ጊዜ ነው። ልባችሁ ጨልሞ ሳለ ሥራ ለመልቀቅ፣ እጮኛ ለመተው፣ አገር ለቅቆ ለመሄድ አትወስኑ። ውሳኔው እውነተኛ ከሆነ ልባችሁ በበራበት ቀንም እውነተኛ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

እናንተም ካቴኪስቶች፣ ወጣት ሆዱን ሲገልጥላችሁ እንደ እኛ አትቸኩሉ። በልቶ እንደ ሆነ፣ ተኝቶ እንደ ሆነ ጠይቁት፤ ቤታችሁም ጋብዙት። ጭንቀቱ ለሳምንታት ከዘለቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሣው፣ ይልቁንም ሞትን ከተመኘ፣ ብቻውን አትተዉት፤ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም አድርሱት። ቅዱስ ኢግናጥዮስም በማንሬዛ ሳለ ነፍሱን እስከ ማጥፋት በሚያደርስ ፈተና አልፏልና፣ በዚህ ማንም አይፈር። ሐኪሙንና ጸሎቱን ሁለቱንም የሰጠን አንድ ጌታ ነው።

በጌቴሴማኒ ወዳጆቹ እንቅልፍ ጥሏቸው ብቻውን የጸለየ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ፣ በየክፍላቸው ብቻቸውን ለሚያመሹ ልጆቻችን ሁሉ ቅርብ ይሁን። አሜን።