ልብሱን ተዪው፣ መርፌውን ያዢ

የእህቴ ልጅ፣ ያሰብሽውን እናትሽ ነገረችኝ። እዚያ ዋሽንግተን እንዳለው ጉድዊል ያለ ሱቅ ጎንደር ላይ ልትከፍቺ፣ ጓደኞችሽ ያገለገለ ልብስ በኮንቴይነር ሊልኩልሽ፣ በሽያጩም ሥራ ያጡ ልጆች ሙያ ሊማሩበት። አሳብሽ የሚያስመርቅ ነው። ነገር ግን መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይላሉና፣ ዶላሩን ሳታወጪ አጎትሽን ስሚኝ።

ኮንቴይነሩን ከወዲሁ ተዪው። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ነው። ገበያ ላይ የምታዪው ሰልባጅ በኮንትሮባንድ የገባ ቦንዳ ነው። በሕግ ላስገባ ብትዪ ጉምሩክ ደጅ ትቀሪያለሽ፤ በሌላ በር ላስገባ ብትዪ ደግሞ በበጎ አድራጎት ስም ኮንትሮባንዲስት ልትሆኚ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይኸ ነው።

«እሺ፣ እዚያው ከከተማው ሰው ልሰብስብ» ትዪኝ ይሆናል። በየትኛው የጎንደር ቤት ነው ትርፍ ልብስ ያለው? የታላቅየው ሱሪ ለታናሽየው ይወርዳል፣ ከዚያ ገጠር ላለ ዘመድ ይላካል፣ ሲያልቅለት መወልወያ ይሆናል። የደባርቅና የዳባት ሰውማ በዚያ ብርድ ቀን የለበሰውን ጋቢ ሌሊት ይደርበዋል። ያ የአሜሪካ ሱቅ የሚሞላው ሰው ልብሱ ሳያልቅ ስለሚጥል ነው። እኛ ሳያልቅ አንጥልም።

ይልቅ ያ ሱቅ እንዴት እንደተጀመረ ልብ በይ። ኤድጋር ሄልምስ የሚባል የሜቶዲስት ቄስ ነው በቦስተን ከተማ የጀመረው፣ በ1902 እ.ኤ.አ.። ባዶ የቡና ጆንያ ይዞ (ቡናው ከየት አገር እንደሄደ ባውቅ ደስ ባለኝ) ሀብታሞቹ ሰፈር እየዞረ ያረጀ ልብስና ጫማ ሰበሰበ። ለድኾቹ እንዲሁ ማደል ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ሥራ ያጡትን ሰዎች አስቀምጦ የተቀደደውን አሰፋቸው፣ የተላቀቀውን ጫማ አሠራቸው፣ የታደሰውን በርካሽ ሸጠ፣ ከሽያጩም ደመወዛቸውን ከፈለ። ገዢውም ድኻ፣ ሠሪውም ድኻ፤ ግን አንዱም ለማኝ አልሆነም። እጀ ጠባቡ ተሰፍቶ እስኪሸጥ ድረስ ሰፊዋ ሙያዋን ጨብጣለች። ሱቁና ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ነበሩ ማለት ነው። ዛሬ አንቺ ባለሽበት ከተማ የጉድዊል ሰዎች የሆቴልና የጥበቃ ሥራ በነጻ የሚያስተምሩት በዚያው መንገድ ተጉዘው ነው። አንቺ ያየሽው የተሰቀለውን ልብስ ነው፤ እኔ እንድትወስጂ የምፈልገው መርፌውን ነው።

ለዚህ ደግሞ ቦስተን መሄድ አያስፈልግም። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን አስቢያቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና በሰኔ 2013 ዓ.ም. ያረፉትን። በወሎ ረኃብ ጊዜ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው ሁለት ወላጅ አልባ ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ከቤታቸው ሲገፉም እጃቸውን ለልመና አልዘረጉም፤ ኮሎ ቆሉ፣ እንጀራና ዳቦ ጋገሩ፣ ሸጡ፣ ልጆቹን በዚያ አሳደጉ። ዕርዳታውም ድርጅቱም የመጣው ከኮሎው በኋላ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያለው ያገራችን ሰው ይህን ሲያይ ነው።

እኛው ጋ ደግሞ ወለቃ አለች፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ። የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች መንደር ነበረች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ወደ እስራኤል ሲሄዱ የወለቃ ሰዎችም አብዛኞቹ ሄደዋል፤ ሸክላው ግን አልሄደም። ፕላውሼር የሚባለው የሴቶች የእደ ጥበብ ማሠልጠኛ እዚያው አጠገብ ነው፤ ችግር ያጎበጣቸው ሴቶች ሸክላ፣ ሽመናና ስፌት ይማሩበታል፣ የሠሩትም እዚያው ባለው ሱቅ ይሸጣል። ስትመጪ በመጀመሪያ እሱን እዪ።

ስታዪው ግን ገዢው ማን እንደሆነ ጠይቂ። የወለቃን የሸክላ ምስል የሚወስደው እንግዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፣ ወዲያው ጦርነት ተከተለ፣ የፋሲል ግንብ ጎብኚ አጣ። ጎብኚ ሲጠፋ በጎብኚ ያደረ ሁሉ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ ልጆችሽ ጎረቤት የሚገዛውን ይሥሩ፦ ሙሽራ የምትፈልገውን መሶብ፣ ምጣድ፣ ጀበና። ከሁሉ ይልቅ ግን የተማሪ ዩኒፎርም። ልጅ በየዓመቱ ያድጋል፣ መስከረምም በየዓመቱ ይመጣል።

በሰልባጁም ቢሆን ልብሱን ሳትነግጂ ልትበይበት ትችያለሽ። ከገበያ ሰልባጅ የገዛ ሰው ልኩን ስለማያገኝ ማጥበብ፣ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር አለበት። የልብስ ሰፊዎች በረንዳ የሚሞላው በዚህ ነው። ሁለት ሲንጀርና አንድ ጎበዝ አሠልጣኝ ካለሽ፣ ተማሪዎችሽ በሰው ልብስ እየተማሩ የቤት ኪራዩን ያወጣሉ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። የጀማሪ እጅ ያበላሸውን ሱቁ ይክፈል፣ ጠማማ ስፌትም ከበር አይውጣ። ሰው ለምስኪን ብሎ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ሁለተኛ አይመለስም። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል።

ወላጆቹን አትርሺ። በ1900 ዓ.ም. አጤ ምኒልክ ባለእጁን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለዋል፤ ስድቡ ግን እስከ ዛሬ በአንዳንድ ቤት ምድጃ ዳር ተቀምጧል። «ልጄን ሸማኔ ልታደርጓት ነው?» የምትል እናት አታጪም። ከእሷ ጋር አትከራከሪ። የንስሐ አባቷን ይዘሽ ሂጂ፣ የመጀመሪያው ዕቃ የሚሸጥ ቀንም ጥሪያት፤ ብሩ በልጇ እጅ ሲገባ ታያለች።

ስለ ገንዘቡ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅት ነግዶ ገቢ እንዲያገኝ ይፈቅዳል፤ ትርፉ ግን ለዓላማው እንጂ ለአባላት አይከፋፈልም፣ የአስተዳደር ወጪም ከገቢው ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ያዛል። እኔን ከመቶ 20ው ያስፈራኛል፤ ብዙ ነው። ዘመድ ሒሳብ ላይ አታስቀምጪ፣ እኔንም ጨምሮ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ተረት ባለበት አገር ሣጥኑን ሁለት ሰው ይቁጠረው፣ የሳምንቱም ሽያጭ በር ላይ ይለጠፍ።

ሰልጣኞቹም ሥራ ሳይለምዱ ለወረቀት አይሩጡ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ሲለምዱ ግን የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ፈተናውን አስፈትኛቸው፤ ያለሱ ቀጣሪ ፊት አይሰጣቸውም። የፈተናውን ክፍያ ከሽያጩ መድቢ።

ጓደኞችሽ የግድ እንላክ ካሉ ለአሠልጣኟ የአንድ ዓመት ደመወዝ ይላኩ፤ ልብሱን እዚያው ለጉድዊል ይስጡት። ትምህርት ቤቶቹንም በሰኔ፣ ክረምቱ ሳይገባ አነጋግሪ። ነሐሴ ከገባ ዩኒፎርሙን የአራዳ ሰፊዎች ተከፋፍለውት ታገኛለሽ።